የጀማሪ መምህራን የሁለት ዓመት ኢንዳክሽን፦ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል አስተማሪ በክፍል ሥርዓት ረገድ ምን ያህል ይጠቅማል?

በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚቀጠር አዲስ መምህር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያለ ደጋፊ እንዳያሳልፍ የተዘጋጀለት አንድ አገልግሎት አለ። በመምህራን ዘንድ የሚታወቀው ኢንዳክሽን በሚለው ስሙ ሲሆን፣ የሚቆየውም ሁለት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ለጀማሪው አንድ ነባር መምህር አማካሪ ሆኖ ይመደብለታል፤ በሞጁል መልክ የተዘጋጁ ጽሑፎችን ያነባል፤ ሲያስተምር ይታያል፤ ሌሎች ሲያስተምሩም ገብቶ ያያል፤ የሠራው ሁሉ በማኅደር ተሰብስቦ ይመዘናል፤ ምዘናውን ሲያልፍም ከጀማሪ መምህርነት ወደ መለስተኛ መምህርነት ይሸጋገራል። ከነባር መምህራን በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቀው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም ከዚህ በኋላ ይቀጥላል።

ይህን አገልግሎት በአንድ የወረዳ ከተማ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ተጠቅሜበታለሁ። ግምገማዬ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ይኸውም በዕድሜ ከፍ ያሉ ተማሪዎችን ለሚያስተምር ጀማሪ በክፍል ሥርዓት ረገድ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የአገልግሎቱ ጥቅም ያለው ከሞላ ጎደል በአማካሪው ላይ ነው። ጥሩ አማካሪ ያገኘ ጀማሪ በማንኛውም ሥልጠና የማያገኘውን ያገኛል፤ አማካሪው ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ የማያይበት ኢንዳክሽን ግን ለክፍል ሥርዓት የሚሰጠው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጉዳዩ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት የክፍሉን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ የወሰደ ወጣት ወደ ክፍል ሲገባ የሚያገኛቸው ተማሪዎች፣ በተለይ ትምህርት ዘግይቶ በሚጀመርባቸው የገጠር አካባቢዎች፣ ዕድሜያቸው ከእርሱ ብዙም የማይርቅ ወጣቶች ናቸው። የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ ወደ 11ኛ ክፍል የሚያልፈው ተማሪ በመብዛቱ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ ከስልሳ በላይ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ማግኘት የተለመደ ሆኗል። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት አለ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች ተማሪዎቹ ከእኛ በተሻለ ያውቋቸዋል። ከኋላ ተቀምጦ የሚያወራው የ20 ዓመት ወጣት ብዙ ጊዜ ባለጌ አይደለም፤ ብማር ምን ዋጋ አለው ብሎ ተስፋ የቆረጠ ነው፤ ተስፋ ለቆረጠ ሰው የተዘጋጀ ቅጣት ደግሞ የለም።

ጀማሪው በመምህራን ማረፊያ ክፍል በነፃ የሚያገኘው ምክር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ፊት አትስጣቸው፣ ፊት ከሰጠሃቸው ራስህ ላይ ይወጣሉ።» ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ነው፤ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍልም ሊሠራ ይችል ይሆናል። ለትልልቅ ተማሪዎች ግን የሚያስከትለው እልህ መጋባትን ነው፤ እልህ ከተጋቡት ተማሪ ጋር ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክፍል መዋል ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የኢንዳክሽኑ የመጀመሪያ ጥቅም ከዚህ ምክር የሚለይ ድምፅ ለጀማሪው ማሰማቱ ነው።

የእኔ አማካሪ ለጡረታ የተቃረቡ፣ ባልደረቦች ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ክፍል ገብተው ከማየታቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፦ «ዛሬ ምኑን ልይልህ ትፈልጋለህ?» ሁሉንም ነገር ልይልህ አይሉም፤ አንድ ነገር እንመርጣለን፤ እርሳቸውም ያንኑ ብቻ ያያሉ። የመጀመሪያው ምርጫችን ጩኸት ነበር። ከኋላ ተቀምጠው በግማሽ ወረቀት ላይ ዴስኮቹን በትንንሽ ሳጥን ሣሉ፤ ወሬ በተጀመረ ቁጥርም በሣጥኑ ውስጥ ሰዓቱን ጻፉ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ሰጥተውኝ «ማን እንደጀመረው ተወው፤ መቼ እንደጀመረ ተመልከት» አሉኝ። በወረቀቱ ላይ የነበሩት ሰዓቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ኖት በምጽፍባቸው ደቂቃዎች ላይ የወደቁ ነበሩ።

ይህ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ያለ ችግር ነው። መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ ስለማይዳረስ መምህሩ ኖቱን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ባዞረበት ጊዜ ፈጥነው የሚገለብጡት ሥራ ይፈታሉ፤ ቀስ የሚሉት ደግሞ ከጎናቸው ካለው ይጠይቃሉ፤ ወሬውም ከዚያ ይነሳል። አማካሪዬ ያሳዩኝ መፍትሔ ተማሪን መቅጣት ውስጥ የለበትም። ኖቱን ከፋፍሎ ከሰሌዳው አጠገብ በጎን ቆሞ በአጭር በአጭሩ መጻፍ፣ ከመጻፍ በፊት አንድ ጥያቄ በሰሌዳው ጥግ አስቀምጦ ቀድሞ የጨረሰ ሁሉ እርሱን እንዲሠራ ማድረግ፣ የጻፈውን ለማስረዳት ሲመለስም ከኋላ ዴስኮች በኩል ዞሮ መምጣት ነው። በሲኩዌንስ ምዕራፍ ላይ ይህን ስናደርግ ወሬው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም የወሬው ርእስ ተለወጠ፤ ሁለት ተማሪዎች የአንዱን ጥያቄ መልስ ይከራከሩ ጀመር። እንዲህ ያለውን ጩኸት ዝም ማሰኘት አያስፈልግም፤ አማካሪዬም በወረቀታቸው ላይ በሌላ ምልክት ነበር የሚጽፉት።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም የተለመዱትን የቅጣት መንገዶች አንድ በአንድ ከልምድ ካለው ሰው ጋር መመርመር መቻሉ ነው። በብዙ ክፍሎች መምህሩ ሲዘገይ ወይም ሲወጣ የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም ይጽፋል። ልምዱን ሁላችንም በልጅነታችን እናውቀዋለን። በ12ኛ ክፍል ግን የስም ዝርዝሩ ሌላ ነገር ነው፤ አለቃው ከጓደኞቹ ጋር ይጣላበታል፤ ወይም የወዳጆቹን ስም እየዘለለ የሚጠላቸውን ይጽፍበታል፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣም የሚጠብቁት አይጠፉም። አማካሪዬ አለቃውን ከዚህ ሥራ ነፃ አውጥቼ የቤት ሥራ እንዲሰበስብ፣ የቀሩ ተማሪዎችን ኖት እንዲያስተባብርና የክፍሉን ጥያቄ ለእኔ እንዲያቀርብ እንዳደርግ መከሩኝ። ውጤቱን በአንድ ሴሚስተር ውስጥ አየሁት፤ አለቃዋ፣ ሴት ልጅ ነበረች፣ በክፍሉ ዘንድ ተሰሚነት አገኘች፤ እኔም እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ከሳሽ የምታይበት ምክንያት ቀረ።

«ወላጅ አምጣ» የሚለው ቅጣት ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰባቸው ሄደው ለሳምንት የሚሆን ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት የሚዘገዩት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው፤ ንጋት ላይ ተነስተው ለሰዓታት በእግር ተጉዘው ስለሚደርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ተማሪ በዘገየበት ሰኞ በር ላይ መልሶ ወላጅህን አምጣ ማለት የሚያስከትለው ሁለት ነገር ነው። ወይ ልጁ ለመሄድና ለመመለስ ተጨማሪ ቀናት ከትምህርት ይቀራል፤ ወይ ደግሞ ከከተማው አንድ ጎልማሳ ሰው በትንሽ ገንዘብ ለምኖ አባቴ ነው ብሎ ያመጣል። ይህ ሁለተኛው በመምህራን ዘንድ የታወቀ ነው፤ የተማሪዎችን ሥርዓት የሚከታተሉት ዩኒት ሊደሮችም ያውቁታል። አማካሪዬ ያሳዩኝ ሌላ መንገድ የገበያ ቀንን መጠበቅ ነበር። በገበያ ቀን ወላጆች እህልና በግ ይዘው ወደ ከተማ ይመጣሉ፤ ተማሪው ራሱ «አባቴ ቅዳሜ ይመጣል» ብሎ ይናገራል፤ ከገበያው ዳር ቆሞ ለአሥር ደቂቃ መነጋገር በቢሮ ውስጥ ከሚደረግ ክስ ይልቅ ብዙ ነገር ያቃናል። አባትየው የሚሰማው ስለ ልጁ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ልጁ በሒሳብ ምን ላይ እንደደረሰም ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያ ተማሪ ሰኞ ቢዘገይም በጸጥታ ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ያመለጠውንም በዕረፍት ሰዓት መጥቶ ይጠይቃል።

ከክፍል ማስወጣትም እንዲሁ ነው። መውጣት የፈለገ ተማሪ የፈለገውን ያገኛል፤ መማር የፈለገ ደግሞ ያንን ክፍለ ጊዜ ያጣል፤ የዩኒት ሊደሩ ቢሮም በቆሙ ተማሪዎች ይሞላል። በትር የሚባለውን ነገር ማንሳት ራሱ ባያስፈልግ በወደድኩ፤ ነገር ግን አሁንም በየትምህርት ቤቱ ስላለ መጻፍ ግድ ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። 18 ዓመት የሞላው ተማሪ ደግሞ አዋቂ ሰው ነው፤ አዋቂን ሰው መምታት በየትኛውም ቦታ ምን እንደሚባል ግልጽ ነው። ኢንዳክሽኑ በዚህ ጉዳይ ላይ ለጀማሪው ሊሰጠው የሚገባው ክልከላውን ብቻ ሳይሆን በምትኩ የሚሠራውን ነገር ነው፤ ጥሩ አማካሪ ያደረገልኝም ይህንኑ ነው።

በምትኩ የሚሠራው ነገር በአብዛኛው የድምፅና የቦታ ጉዳይ ነው። ትልቅ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ሲዋረድ ዝም ብሎ ለመቀበል ይሉኝታው አይፈቅድለትም፤ መልስ ይሰጣል፤ መምህሩም ይመልሳል፤ ሁለቱም ወደ ኋላ መመለሻ መንገድ ያጣሉ። አማካሪዬ ሲያስተምሩ ገብቼ ባየሁበት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ተማሪ ሞባይሉን በዴስኩ ሥር ይዞ ሲነካካ አዩ። ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ወደ ዴስኩ ተጠግተው ቆሙ፤ የጀመሩትን ቀመር እዚያው ቆመው አስረዱ፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው በዝቅተኛ ድምፅ «ሲያልቅ ላነጋግርህ እፈልጋለሁ» ብለውት አለፉ። ሞባይሉ ወዲያው ኪስ ገባ፤ ሦስት ዴስክ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ተማሪ አንዳች ነገር እንደተፈጠረ አላወቀም። ከክፍለ ጊዜው በኋላ በበሩ አጠገብ ቆመው ያነጋገሩት ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚህ ሁለት ደቂቃ የተማርኩት በፒጂዲቲ ስለ ክፍል አያያዝ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የማታ ተማሪዎችን የሚያስተምር ጀማሪ ደግሞ ጉዳዩ ከሥርዓት ይልቅ የአክብሮትና የጊዜ ጉዳይ መሆኑን ቶሎ ይረዳል። ትዳር ያላቸው፣ ልጆች ያሏቸው፣ ቀን ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በዕድሜ የመምህሩ ታላቆች ስለሆኑ እርስዎ ተብለው ሊጠሩ ይገባል። የሚዘገዩት ከሥራ ስለሚመጡ፣ የሚያንቀላፉት ስለደከሙ ነው። ትምህርቱን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በክለሳ ጀምሮ ዋናውን ነገር ወደ መሐል ማድረግ ከማንኛውም ደንብ የተሻለ ይሠራል። ኢንዳክሽኑ የማታውን መርሐ ግብር ለብቻው አይመለከተውም፤ ሊመለከተው ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ። የደረሰኝ ሞጁል በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ ከፊሉ የማይነበብ ነበር። ስለ ክፍል አያያዝ የሚናገረው ክፍል አጠቃላይ መርሖችን ጥሩ አድርጎ ያስቀምጣል፤ የ13 ዓመት ልጅና የ20 ዓመት ወጣት የሚለያዩበትን ነገር ግን አይነካም። ስልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ዴስኮቹን በክብ አድርጎ ማስቀመጥን የመሰሉ፣ ዴስኮቹ በወለሉ ላይ በተጠጋጉበት ክፍል የማይቻሉ ምክሮችም አሉበት።

ማኅደሩ የባሰ ነው። እያንዳንዱ ውይይት ቀን ተጽፎበት፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲገባ ይጠበቃል። በተግባር ግን በምዘናው ዋዜማ ጀማሪዎች ሁሉ ተሰብስበው ቅጽ ሲሞሉ ይታያሉ፤ ያልተደረገ ውይይትም እንደተደረገ ሆኖ ይጻፋል። ይህ ሐቀኝነትን የሚጎዳ ነገር ስለሆነ ያሳስበኛል፤ ለተማሪዎቻችን ኩረጃ ነውር ነው እያልን እኛ የምንጀምረው በዚህ መንገድ መሆን አልነበረበትም። ክፍል ውስጥ የተሣለችው ያቺ ግማሽ ወረቀት በማኅደሩ ውስጥ ቦታ የላትም ነበር፤ ቅጹ የሚጠይቀው ሌላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ግን የሚመክረውና የሚመዝነው ሰው አንድ መሆኑ ነው። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት አማካሪው በመጨረሻው ምዘና ላይ ድምፅ ነበረው። ክፍል አልገዛ ያለው ጀማሪ፣ ችግሩን በግልጽ ቢናገር በውጤቱ ላይ ይቆጠርብኛል ብሎ ይሰጋል፤ ስለዚህ በጣም እርዳታ በሚያስፈልገው ነገር ላይ ዝም ይላል፤ የሚታይበትን ክፍል ሲመርጥም ጸጥተኛውን ሴክሽን ይመርጣል። የእኔ አማካሪ ይህን አውቀው «ከአንተ ጋር የምንነጋገረውን ወደ ቅጹ አላስገባውም» ስላሉኝ ተገላገልኩ። ይህ ግን የእርሳቸው መልካምነት እንጂ የአሠራሩ ውጤት አይደለም፤ ሌላው ጀማሪ በዕድል መንገላታት የለበትም። ምክሩን አንድ መምህር፣ ምዘናውን ሌላ ሰው ቢያደርገው ችግሩ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይቃለል ነበር።

የአማካሪው ጊዜም አልታሰበበትም። አማካሪዬ እንደማንኛውም መምህር ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነበራቸው፤ እኔን ለማየት የሚገቡት የራሳቸውን ዕረፍት ሠውተው ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ዘወትር የነበረው ክትትል በሁለተኛው የሳሳው ለዚህ ነው፤ ግንቦት ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው በፈተና ዝግጅት ተወጥሮ ነበር። ክፍል ግን የሚረበሸው በዚያ ወቅት ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተና ሲቃረብ ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም በቀላሉ ወደ ጠብ ይለወጣል።

ስለ ሴት ጀማሪ መምህራን የሚባል ነገር አለመኖሩንም ሳልጠቅስ አላልፍም። አብራኝ የተቀጠረች የባዮሎጂ መምህርት በትልልቅ ወንድ ተማሪዎች በኩል የሚደርስባት ፈተና ከእኔ በጣም የተለየ ነበር፦ ስለ አለባበሷና ስለ መልኳ በአግቦ የሚወረወር ቃል፣ ከኋላ የሚሰማ ፉጨት፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚደወል ስልክ። የተመደቡላት አማካሪ «እንዳልሰማሽ ሁኚ» ብለዋት ነበር። ይህ ምክር አይደለም። በኋላ የረዳቻት በሥርዓተ ፆታ ክበቡ ውስጥ የነበረች ሌላ ነባር መምህርት ናት፤ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ሆነው ልጆቹን አንድ በአንድ አነጋገሩ፤ ፉጨቱም ቆመ። ሴት ጀማሪ ከፈለገች ሴት አማካሪ እንድትመደብላት ማድረግ፣ ቢያንስም ሁለተኛ የምታማክራት መምህርት እንድትኖራት ማድረግ የአገልግሎቱ አካል መሆን ይኖርበታል።

ከኢንዳክሽኑ ውጭ ያሉትን አማራጮች በአጭሩ ለመጥቀስ ያህል፣ በግል የሚሰጡት የአንድ ቀን ሥልጠናዎች ማነቃቂያ ንግግር ይበዛባቸዋል፤ የምስክር ወረቀቱ ያምራል፤ ሰኞ ክፍል ሲገባ የሚይዙት ነገር ግን ትንሽ ነው። የቴሌግራም የመምህራን ቡድኖች ለፈተና ጥያቄና ለዕለታዊ ዕቅድ ይጠቅማሉ፤ የአንድን ክፍል ጠባይ ግን ክፍሉን ያላየ ሰው ሊመክርበት አይችልም።

ስለዚህ ኢንዳክሽኑን ለጀማሪ ሁሉ እመክራለሁ፤ የምመክረው ግን የአማካሪውን ክፍል ነው። በዕድሜ ከፍ ያሉ ተማሪዎችን ልታስተምሩ የተመደባችሁ አዲስ መምህራን መስከረም ላይ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችሁ የጊዜ ሰሌዳውን ከማጽደቁ በፊት ቀርባችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው አማካሪያችሁ 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የሚያስተምር እንዲሆን ነው፤ የትምህርት ዓይነቱ ቢለያይ ግድ የለም። ሁለተኛው በሳምንት ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ እናንተ ስታስተምሩ አማካሪው ነፃ እንዲሆን፣ ሌላ አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሁለታችሁም ነፃ እንድትሆኑ ሰሌዳው እንዲስተካከል ነው። ሰሌዳው ከተለጠፈ በኋላ ይህን ማስቀየር በጣም አስቸጋሪ ነው፤ ከመለጠፉ በፊት ግን ኃላፊው በእርሳስ ሁለት ሣጥን ቢያቀያይር ይበቃል።